የግል ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ፦ አጀማመሩና ዕድገቱ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ቻናል በተቀየረ ቁጥር "ይሄ ደግሞ የማን ጣቢያ ነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆኑ እንናገራለን።

ቴሌቪዥን ራሱ መቼ ተጀመረ? ያኔስ የግል የሚባል ነገር ነበር?

አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው። ቀኑ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። ቶምሰን የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በመሣሪያም በሙያም አግዟል። ስቱዲዮው የተቀመጠው ያኔ ገና አዲስ በነበረው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዛሬም በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጫፉ ላይ ፊት ለፊት የሚያየው፣ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ሕንፃ ማለት ነው። ባለ ቀለም ሥርጭት የመጣው ደግሞ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1977 መባቻ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረትና አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ንጉሡም ደርጉም ቴሌቪዥኑን ለትልቅ በዓላቸው ማድመቂያ ማድረጋቸውን ልብ ይሏል።

ከደርግ መውደቅ በኋላም ጣቢያው አንድና የመንግሥት ሆኖ ቀጠለ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አንድ የግል አዘጋጅ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ቀርጾና አቀናብሮ ያቀርባል። ጣቢያው የመንግሥት፣ ፕሮግራሙ የግል ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በግል ጣቢያዎች የምናያቸው ብዙ አዘጋጆች ሥራውን የለመዱት በዚህ መንገድ ነው። ካሜራ ተከራይቶ፣ ስፖንሰር ለምኖ፣ ካሴቱን ይዞ ደረጃ ላይ የጠበቀ ሰው በኋላ ጣቢያ ሲከፈት ሥራው አዲስ አይሆንበትም።

ሕጉ የግል ቴሌቪዥን የፈቀደው መቼ ነው?

ከሥርጭቱ በጣም ቀድሞ ነው። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ የጋዜጣና የመጽሔት በር ከፈተ፤ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ አዟሪዎች የሚያስታውሱት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 በ1991 ወጣ፤ በ1999 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 533 ተተካ። ይህ አዋጅ ሥርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። ስለዚህ በወረቀት ከሆነ "የንግድ ቴሌቪዥን" የሚባል ነገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነበር።

በተግባር የሆነው ሌላ ነው። በ2000 አካባቢ ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 በኤፍ ኤም መጡና የከተማው ታክሲ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ቴሌቪዥን ግን ሌላ ስምንት ዓመት ገደማ ጠበቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው ይባላል፤ የካፒታል ችግር፣ የባለሙያ እጥረት። የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ ጋዜጣ የሚያነበው የከተማ ሰው ነው፣ ቴሌቪዥን ግን ማንበብ የማይችለው ሰው ቤትም ይገባል። በሥልጣን ላይ ያለ አካል ይህን ልዩነት ሳያሰላ አይቀርም።

ታዲያ እንዴት ገባ?

በጣሪያ በኩል። የቴሌቪዥን ሥርጭት ወደ ቤት የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከመሬት ነው። እንደ ፉሪ ባለ ተራራ ላይ ማሰራጫ ይተከላል፣ ሰው ቤቱ ላይ ተራ አንቴና ሰቅሎ ይቀበላል። ይህን መረብ በመላ አገሪቱ የዘረጋው መንግሥት ነው። የግል ባለሀብት ተራራ ለተራራ እየዞረ ምሰሶ ይትከል ቢባል ገንዘቡም ፈቃዱም የሚገፋ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ሳተላይት ነው። ጣቢያው ምስሉን ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይልካል፣ ሳተላይቱ መልሶ ይረጨዋል፣ ዲሽ ያለው ሁሉ ያየዋል። ሞያሌም ሆነ ሁመራ፣ አንድ ዋጋ ነው።

ዲሹን ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ገዝቶት ነበር። ለአማርኛ ጣቢያ ብሎ አይደለም፤ በአረብሳትና በናይልሳት የሚመጡትን የአረብ የፊልም ቻናሎች ለማየት ነው። እንግሊዝኛውን በአረብኛ ጽሑፍ ታጅቦ እየሰማ ያደገ ትውልድ አለ። ጣሪያው ሁሉ ዲሽ ከለበሰ በኋላ በዚያው ሳተላይት ላይ አንድ የአማርኛ ቻናል መጨመር ቀላል ሆነ፤ ተመልካቹ ሪሲቨሩን እንደገና ሰርች ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህን ነገር ያልተረዳ ሰው የግል ቴሌቪዥን ፈቃድ ሲሰጥ የተጀመረ ይመስለዋል። ፈቃዱ የመጣው ተመልካቹ ከተገኘ በኋላ ነው።

ኢቢኤስ የአሜሪካ ነው ወይስ የኢትዮጵያ?

ኢቢኤስ የተመሠረተው በ2008 የፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መሥራቾቹ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከተማዋ ለዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ናት፤ ብዙ ሐበሻ ይኖርባታል። ሐሳቡ በሁለት በኩል የሚሠራ ነበር፤ ስደት ላይ ላለው ሰው አገሩን ማሳየት፣ አገር ቤት ላለው ደግሞ ከዜናና ከልማት ዘገባ የተለየ መዝናኛ ማቅረብ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ነው። ኩባንያው የተመዘገበው ውጭ፣ ሥርጭቱ በሳተላይት፣ ቀረጻው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። አስተዋዋቂውም አዲስ አበባ ነው፣ ሾፌሩም፣ ሜካፕ የምትሠራውም። ስለዚህ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ፦ በመዝገብ አሜሪካዊ ሆኖ ተወልዶ፣ በሥራ ኢትዮጵያዊ ሆኖ አደገ። የማታ የእንግዳ ጨዋታ፣ የምግብ ዝግጅት፣ የሰው ቤት እየዞሩ የሚቀርብ ፕሮግራም፤ ዛሬ ሁሉም ጣቢያ የሚሠራባቸውን ቅርጾች ለተመልካቹ ያስለመደው በዋናነት እሱ ነው። ፖለቲካን ብዙም አለመንካቱ እንደ ጉድለት ይነሣበታል። ፖለቲካ ቢነካ ኖሮ ግን በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ካሜራ ይዞ መዞር ይችል ነበር ወይ የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢሳትና ኦኤምኤንስ?

እነሱም ከውጭ የመጡ የሳተላይት ጣቢያዎች ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ፖለቲካ ነበር። ኢሳት (የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን) የጀመረው ሚያዝያ 2002 ነው። ኦኤምኤን (ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ) በ2006 ከአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ተነሣ። የዚያን ጊዜ ቻናሉ ዛሬ ይታያል፣ ነገ "ኖ ሲግናል" ይላል፣ ከነገ ወዲያ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ይመጣል። ሰው አዲሱን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለጎረቤት ያቀብል ነበር።

ቻናሉ የሚጠፋው ሞገዱ ስለሚታፈን ነበር፤ የማፈኛው አሠራር ቀላል ነው። ጣቢያው በሚጠቀምበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ከመሬት ኃይለኛ ሞገድ ወደ ሳተላይቱ ይላካል፤ ምስሉ ይበጠሳል። ችግሩ በዚያው መሥመር ላይ የተቀመጡ ምንም የማያውቁ ቻናሎችም አብረው ይጠፋሉ። በ2006 አረብሳት ቻናሎቹን የሚያውከው ሞገድ ከኢትዮጵያ ምድር የሚነሣ መሆኑን በይፋ አስታውቆ ነበር። በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ሁለቱን ጣቢያዎች ማየትን ራሱ ከለከለ። በ2010 ነገሩ ተገለበጠ፤ ኢሳትም በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ቢሮ ከፈተ።

ፋናና ዋልታ የግል ነበሩ?

ሁለቱ ከመዋሐዳቸው በፊት በቅርጽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበሩም። ፋና በ1987 በሬዲዮ የጀመረ፣ በአክሲዮን ማኅበርነት የተደራጀ ነበር። ባለድርሻዎቹ ግን በኢሕአዴግ ዘመን ከግንባሩ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ዋልታም እንዲሁ። "የግል" ሲባል ባለሀብት በትርፍ ሒሳብ የከፈተው ማለት ከሆነ፣ እነዚህ አልነበሩም። የ1999ኙ አዋጅ የፖለቲካ ድርጅት ፈቃድ እንዳያገኝ ይከለክል የነበረ መሆኑ ነገሩን የበለጠ አስገራሚ ያደርገዋል።

ቃና ሲመጣ ለምን ያን ያህል ግርግር ተነሣ?

ቃና የተከፈተው በ2008 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የፊልም ባለሙያው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆን፣ ከጀርባ ደግሞ ሞቢ ግሩፕ የሚባለው የዱባይ ኩባንያ ነበር። ሞቢ በአፍጋኒስታን ቶሎ ቲቪን የከፈተ ድርጅት ነው። ይህ መረጃ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ይገልጻል። መንገዱ ካቡል ላይ ተሞክሮ ነበር፦ የውጭ ተከታታይ ድራማ በርካሽ ይገዛል፣ በአገር ቋንቋ ድምፅ ይቀረጽበታል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይታያል።

አዲሱ ነገር "በየቀኑ" የሚለው ነው። የአገር ውስጥ ድራማ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ክፍል ካመለጠ ሰባት ቀን ነው። ቃና ግን ዛሬ አንጠልጥሎ ነገ ይፈታዋል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ያንጠለጥላል። የቱርኩ "ጥቁር ፍቅር" የሚታይበት ሰዓት ላይ ቤተሰብ ራቱን ያስተካክል ነበር። የተዋናዮቹን ስም የማያውቅ ሰው አማርኛ የሰጣቸውን ድምፅ ለይቶ ያውቃል።

የድምፅ ሥራው ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ድምፅ ሰጪው ትንሽ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ፊቱ ያለው ስክሪን ላይ የሰውዬው ከንፈር መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ይከታተላል። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ጸሐፊው ቃል ይቀንሳል፣ ካጠረ "እኮ" እና "በቃ" ይጨምራል። ልቅሶው፣ ትንፋሹ፣ ሳል ሳይቀር እንደገና ይቀረጻል። በዚህ ሥራ ብዙ ወጣቶች እንጀራ አግኝተዋል።

ተቃውሞው የመጣው ከኪነ ጥበብ ማኅበራት ነው። የውጭ ድራማ የአገር ውስጡን ተዋናይና ጸሐፊ ከገበያ ያስወጣል፣ ባህል ይበርዛል አሉ። ስለ ባህል የተባለው ብዙም አያሳምነኝም፤ የአረብ ቻናልና የህንድ ፊልም ሲታይ የኖረ ከተማ ነው። ስለ ገበያ የተባለው ግን ትክክለኛ ስጋት ነበር። አንድ ክፍል ድራማ ከመጻፍ እስከ ማቀናበር የሚወስደውን ወጪ፣ ተሠርቶ ካለቀና በሌላ አገር ትርፉን ካገኘ ድራማ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ቢሆንም ቃና አንድ ነገር አስተማረ፤ ተመልካች ሰዓት ይወዳል። ከዚያ በኋላ የመጡት የአገር ውስጥ ድራማዎች ክፍል ማብዛት፣ ሰዓት ማክበር ጀመሩ።

በዚያው 2008 እና በተከታዮቹ ዓመታት ጄ ቲቪ፣ ናሁ፣ ኢኤንኤን፣ አርትስ፣ አሻም፣ ባላገሩ፣ አባይ እየተባለ መጣ። አንዳንዱ ቆየ፣ ኢኤንኤን ግን በ2010 ተዘጋ።

ኢትዮሳት ምንድን ነው? ዲሻችንን ለምን አዞርን?

ኢትዮሳት አዲስ የተተኮሰ ሳተላይት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከሚባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፣ ኤን ኤስ ኤስ 12 በሚባል ሳተላይት ላይ ለኢትዮጵያ ቻናሎች የተሰጠ ስም ነው። በ2012 ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ለቀው ወደዚያ ገቡ። እያንዳንዱ ጣቢያ በየግሉ በዶላር ከሚዋዋል፣ በማኅበር ሆኖ መደራደሩ ወጪ ይቀንሳል ነው ነገሩ። የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ለሚጠብቅ የግል ጣቢያ ይህ ቀላል እፎይታ አልነበረም።

ለተመልካቹ ግን ጣጣ ነበር። ናይልሳት በምዕራብ በኩል 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኤን ኤስ ኤስ 12 በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ። ከአዲስ አበባ ሲታይ አንዱ ወደ ጅማ በር፣ ሌላው ወደ መገናኛ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረው የሞገድ መቀበያ) አስሮ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ወይ ዲሹን ማዞር፣ ወይ ሁለተኛ ዲሽ መግዛት። በዚያ ሰሞን የዲሽ ሠራተኛ ማግኘት ቀጠሮ ይጠይቅ ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ቁልፍ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ስክሪኑን እያየ "ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ አለፈ! መልስ!" ይላል። ኳሊቲ የሚለው መሥመር ከዜሮ ድንገት ሲዘል ቤቱ በሙሉ ይጮኻል።

የሰፈርዎን ጣሪያዎች አሁን ቢያዩ ሁለቱን መለየት ይችላሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ናይልሳት ላይ ያለው ነው፤ ኤን ኤስ ኤስ 12 ለእኛ ወደ አናታችን ስለሚቀርብ የእሱ ዲሽ ወደ ኋላ ጋለል ብሎ ሰማይ ያያል። ሁለት ዲሽ በስዊች አገናኝቶ በአንድ ሪሲቨር የሚያይ ቤት የአረብ ፊልሙንም አልተወም ማለት ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ለምን ይቆራረጣል?

ሞገዱን የዝናብ ጠብታ ስለሚውጠው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ጣቢያው አልተዘጋም፣ ሪሲቨርዎም አልተበላሸም። ዝናቡ አባርቶም ካልመጣ ዲሹ በነፋስ ተንቀሳቅሷል ወይም ኤል ኤን ቢው ውኃ ገብቶበታል።

ጣቢያዎቹ ገንዘብ ከየት ያገኛሉ? እኛ እኮ አንከፍልም።

ከማስታወቂያና ከስፖንሰር። የአየር ሰዓት ሽያጩም ከድሮው ኢቴቪ ተወርሷል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም የጣቢያው ሳይሆን ሰዓቱን የገዛው አዘጋጅ ነው። አንድ አዘጋጅ ከነፕሮግራሙ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚያዩት ለዚህ ነው።

የዚህ ኢኮኖሚ ምሰሶ ለብዙ ጊዜ ቢራ ነበር። የቢራ ፋብሪካዎች ፉክክር በጦፈበት ጊዜ ማስታወቂያው እንደ ሙዚቃ ቪዲዮ ይሠራ ነበር፤ ኮንሰርቱም፣ የበዓል ፕሮግራሙም፣ ድራማውም "በ… ቢራ የቀረበ" ነው። ከዚያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከለከለ። ለጤና የተወሰደ እርምጃ ነው፣ ልጆች የቢራ ዜማ ከመዝሙር ቀድመው የሚይዙበት ጊዜ ስለነበር አልፈርድበትም። ለጣቢያዎቹ ግን ገና እግራቸውን ሳይተክሉ የመጣ ዱብ ዕዳ ነበር። ክፍተቱን ባንኮች፣ ሪል ስቴቶችና የሳሙና አምራቾች ሊሞሉት ሞከሩ። ዛሬ አንዱ ድራማ መሐል ስለ ቤት ቅድመ ክፍያ የሚነገርዎት በዚህ ምክንያት ነው።

የበዓል ፕሮግራሞች ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ?

ስፖንሰር የሚያውቀውን ነገር ስለሚገዛ። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተቀምጦ፣ የሐበሻ ልብስ የለበሰ አቅራቢ፣ ዘፋኝ፣ ኮሜዲያን፣ መሐል ላይ የስፖንሰሩ ተወካይ የመልካም ምኞት ንግግር። የፋሲካው ፕሮግራም የሚቀረጸው ከበዓሉ ቀድሞ ነውና ጾሙ ገና አልተፈታም። ዶሮው ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል፣ እንግዳው እጁን ዘርግቶ ይቆርሳል፤ ወደ አፉ ሲያደርስ ካሜራው ወደ ጭብጨባው ይዞራል። አስተውለው ይመልከቱ።

የአገራችንን ሊግ በግል ጣቢያ ለምን አላየንም?

በ2013 የዲ ኤስ ቲቪ ባለቤት መልቲቾይስ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የሥርጭት መብት ለ5 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ስለገዛው ነበር። የአገር ውስጥ ጣቢያ ይህን ዋጋ በማስታወቂያ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ስለዚህ ኳሱ ወደ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ሄደ።

የውጭ ዜጋ ባለድርሻ መሆን ይችላል?

በ1999ኙ አዋጅ በውጭ ዜጋ ካፒታል ወይም አመራር የተያዘ ድርጅት ፈቃድ አያገኝም ነበር፤ የሃይማኖት ተቋማትም እንዲሁ። ብዙዎቹ ውጭ ተመዝግበው በሳተላይት መግባታቸው ከዚህ የመጣ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የውጭ ዜጋ እስከ 25 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ ፈቅዷል። ፈቃድ ሰጪውም ከብሮድካስት ባለሥልጣንነት ወደ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንነት ስሙን የለወጠው በዚያው ጊዜ ነው።

ሁሉም ዩቲዩብ ላይ ካለ ጣቢያው ለምን አስፈለገ?

ዩቲዩብ ላይ ለማየት ዳታ ይከፈላል። ዲሽ አንዴ ከተተከለ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ከዩቲዩብ ከውጭ አገር ተመልካች ዶላር ያገኛሉ፣ ከዲሹ ደግሞ የአገር ውስጥ አስተዋዋቂን ብር። የቤት ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ አሁንም የሚያዩት በዲሽ ነው፤ አስተዋዋቂውም የሚፈልገው እነሱን ነው።